ቅጠል ለማየት ጓሳ ለሚወጣ ሰው የቀረበ የመከላከያ ቃል

ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መጸው ነው። በዚህ ወቅት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ነዳጅ አስሞልቶ፣ ልጆቹንና አማቱን አሳፍሮ፣ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነድቶ፣ የመጸውን ቅጠል ለማየት መንዝ ጓሳ የሚወጣ ሰው አለ። ብዙ ነው አልልም፤ አለ ግን። ይህ ሰው በየለቅሶ ቤቱና በየእቁቡ መሳለቂያ ሆኗል። ጓሳ ላይ ዛፍ እንደሌለ፣ ዛፍ ከሌለ ቅጠል እንደማይረግፍ፣ ቅጠል ካልረገፈ ደግሞ ቤንዚኑ ለምን እንደረገፈ ይጠየቃል። ጠያቂዎቹ የተማሩና የተከበሩ ስለሆኑ እስካሁን ደፍሮ የመለሰላቸው የለም። እኔ ጉዳዩን በጥሞና መርምሬ ሰውየውን ፍጹም ንጹሕ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ያለ አበል ጥብቅና ልቆምለት ወስኛለሁ። ከዚህ በኋላ ደንበኛዬ እያልሁ እጠራዋለሁ።

ደንበኛዬ ይህን አሳብ ከራሱ አላመነጨውም። ጥቅምት በገባ ቁጥር አሜሪካ ካሉት ከአሌክሳንድሪያ፣ ከፌርፋክስና ከሲልቨር ስፕሪንግ ፎቶ ይላክለታል። እኅቱ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች በቀላ ዛፍ ሥር ቆማለች። ቦታው ቨርጂኒያ ያለው የሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል፣ በተራራው አናት ላይ 169 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ አውራ ጎዳና አለ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ሰው እየነዳ ቁልቁል እንዲያይበት ነው። ገበያ አያደርስም፣ ጤና ጣቢያም አያደርስም። በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳትም ክልክል ነው፤ ምክንያቱም የሚቸኩልለት ነገር የለም። ለአንድ መኪና 30 ዶላር ይከፈላል፣ ይገባል፣ ይታያል፣ ይወጣል። ይህን የሚያደርግ ሰው አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ ከመሆኑም በላይ የዓመት ፈቃዱን የሚያስቀምጠው ለዚሁ ነው። ጃፓኖችም በዚህ ወቅት ቀይ ቅጠል አደን ብለው ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ይወጣሉ። አድነው ምንም ሳይዙ ይመለሳሉ፤ የሚስቅባቸው የለም።

የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ ግን መጠየቅ አለበት። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ ዛፉ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ነገር ያፈርሰዋል፤ ናይትሮጅኑንና ሌላውን የሚጠቅመውን ሁሉ ወደ ግንዱ ይመልሳል። ቢጫው ድሮም እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ኖሮ ሲነሣ ብቅ ይላል። ቀዩ ግን በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ቀናት አዲስ የሚመረት ነው። ከዚያ ቅጠሉና ዝንጣፊው የተያያዙበት ቦታ ይዘጋል፣ ቅጠሉም ይወድቃል። ንብረቱን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አጓጉዞ፣ ቅርንጫፉን ዘግቶ ሠራተኛውን የሚያሰናብት ድርጅት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያንን ለማየት 30 ዶላር የሚከፍል ሰው ካልተከሰሰ፣ ማንም ሳይባረር ሁሉም በሥራው ላይ ያለበትን ተራራ ሊያይ የወጣው ደንበኛዬ በየትኛው ሕግ ይከሰሳል?

አገር ቤት ያሉት ዛፎች ይህን ትርዒት የማያሳዩት ሰንፈው አይደለም። ጓሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ግድም ላይ ነው። በዓመት ውስጥ ረጅሙ ቀን አጭሩን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። በዚህ ልዩነት የሚደነግጥ ዛፍ የለም። በየቆላው ደረቁን ወራት ፈርቶ ቅጠሉን የሚያራግፍ ሞልቷል፤ ነገር ግን ያገሩ ዛፍ ሁሉ ተመካክሮ በአንድ ሳምንት ቀልቶ አያውቅም። ወቅቱን የሚያደምቁት አበቦቹ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ዘመነ ጽጌ ብላ ሰጥታቸዋለች። ለቅጠል የተመደበ ጊዜ አልተገኘም።

«ታዲያ እዚሁ እንጦጦ አያይም ወይ? ቅጠል ቢፈልግ ባሕር ዛፍ መች ጠፋ?» የሚል አለ። ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ወስጄ መርምሬዋለሁ። ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይጥላል፤ የእንጦጦ ቅጠል ግን ገና መሬት ከመንካቱ ባለቤት አለው። ጎሕ ሳይቀድ የሚወጡ ሴቶች አሉ። ጠርገው፣ ሰብስበው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ከራሳቸው የሚከብድ ሸክም አዝለው ቁልቁል ይወርዳሉ። ያ ቅጠል በከተማው ምጣድ ሥር ነድዶ እንጀራ ይሆናል። ደንበኛዬ አንድ ጊዜ ካሜራውን ይዞ ወጥቶ ነበር አሉ። ወገቧ እስኪጎብጥ የተሸከመች እናት ፊት ለፊት መጣች። እሱም «ቀለሙ ደስ ይላል» ለማለት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ይህን እንደ ፍርሃት አልቆጥርበትም። ቅጠልን ለመልኩ ብቻ የሚያይ ሰው ቅጠሉ ለሌላ ለማንም በማይፈለግበት ቦታ ማየት አለበት፤ ካልሆነም ማንም እንዳይነካው በተከለከለበት ቦታ። የመጀመሪያው ዓይነት ቦታ ኢትዮጵያ ውስጥ አልተገኘም። ሁለተኛው ግን አለ።

ስለዚህ ሽቅብ ነዳ።

ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን አለፈ። ሸኖ ላይ አማቱ ቅቤ ካልገዛሁ ብለው ቆሙ፤ ይህ በመከላከያው ውስጥ አይካተትም። ጫጫን አልፎ፣ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ደረሰ። ከዚያም ጉም ወደማይለየው ጣርማ በር ወጣ። ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አለ። በዋሻው አልፎ የሚወርድ መንገደኛ ደብረ ሲና ገብቶ በአገሩ የታወቀውን ቆሎ ይገዛል። ደንበኛዬ ግን ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ታጠፈ። የደብረ ሲናን ቆሎ እያወቀ ትቶ ለቅጠል የታጠፈን ሰው ዓላማ የለሽ ነው ማለት ስም ማጥፋት ይሆናል።

ከዚያ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። እዚህ ላይ ከሳሾቼ አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ አልሸሽገውም። በመንዝ መጸው ማለት አጨዳ ነው፣ ከዚያም ውቂያ። ገብሱ ደርሷል፣ ባቄላው ደርሷል፣ ውርጭ ሳይቀድመው መሰብሰብ አለበት። ያገሩ ሰው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ማሳ ላይ ነው። በዚህ መሐል አቧራ እያስነሣ የሚያልፍ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ያምራል!» የሚል ሰው አለ። አጫጁ ቀና ብሎ ያየዋል። ማጭዱን እንደያዘ ያየዋል። ይህን እይታ ያየ ሰው የሸነንዶዋን 30 ዶላር ርካሽ ነው ይላል። ደንበኛዬ ግን ዋጋውን ከፍሏል፤ እጁን አውጥቶ ሰላምታ ሰጥቷል፣ ሰላምታውም ተመልሶለታል። መንዜ ሥራ ቢበዛበትም ሰላምታ አያስቀርም።

ከመሐል ሜዳ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ጓሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሆናል። በስተ ምሥራቅ ገደሉ ነው፣ ከገደሉ በታች ቆላው ተዘርግቷል። ከዚህ አምባ የሚወጣው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ዛፍ ተብሎ ለመጠራት የሚበቃ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አስታ አለ፤ ብርዱ ግን ቁጥቋጦ አድርጎ አስቀርቶታል። ጭራንፌ አለ፤ ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም፣ ቁመቱ ግን ጥላ ለመስጠት አይበቃም። ጦስኝ አለ፤ እሱን የሚያገኙት ሲረግጡት ነው፣ በመዓዛው። የቀረው ሁሉ ሣር ነው። ስሙን ለቦታው የሰጠው ጓሳ።

ደንበኛዬ ከመኪናው ወርዶ አንዱ የጓሳ ጉቶ ፊት ቁጢጥ አለ። ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ጠንካራም ነው፤ ጠበቅ አድርገው ቢስቡት እጅ ይቆርጣል። ከመሐሉ አዲሱ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ኅዳር ሲጋመስ ጫፉ ቢጫ መሆን ይጀምራል፣ ቢጫው በየሳምንቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከዳር በኩል ያለው ደግሞ ያምናው ነው፤ ደርቋል፣ ግራጫ ሆኗል፣ ግን አልወደቀም። ከእሱም ሥር ያቻምናው አለ። ሦስትና አራት ዓመት በአንድ ጉቶ ውስጥ ተደጋግፎ ቆሟል። ከሥሩ አዲስ የተቆለለ አፈር ይታያል፤ ፍልፈል ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የመጸው ቅጠል ከየት ይመጣል? ቨርጂኒያ ያለችው እኅት ሳምንቱን ካልገመተች በቀር አልቆላታል። አንድ ሰኞ ብትዘገይ ያየችው ባዶ ዛፍ ነው፤ ከትላንት ወዲያ የነበረውን ቀለም ሰው ይነግራታል። የጓሳ ቅጠል ግን ይጠብቃል። ያምናውን ሳያይ የቀረ ሰው ዘንድሮ መጥቶ ያምናውን ያያል። ወቅቱ አለፈብኝ ብሎ ነገር የለም። ይህን ያህል ለሰው የሚያስብ ቅጠል ከዚህ ቀደም አልሰማሁም።

አሁን ወደ ዋናው የመከላከያ ነጥብ እገባለሁ፤ ከሳሾቼ ይህን ሳያነቡ ነበር የሳቁት።

ቅጠልን ዝም ብሎ ማየት ከፈረንጅ የተቀዳ ቅብጠት ነው ይላሉ። ስሕተት ነው። ቅጠልን ዝም ብሎ ማየት በመንዝ ሕግ ነበር። ወደ 400 ለሚጠጉ ዓመታት የጸና ሕግ። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል (ያለፉት ዓመታት ፖለቲካ ትዝ ያለው አንባቢ ይረጋጋ፤ ይህኛው ስለ ሣር ነው)። አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው የመሠረቱት ይባላል፤ ባለ መብቶቹም የእነዚህ የሁለቱ አባቶች ወገኖች ነበሩ። አባ ቄራ በሚባል አለቃ የሚመራ፣ ከየደብሩ ሰው የተደለደለበት ጥበቃ ነበረው። ጓሳ ይዘጋል። ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሣሩ ሲጎመራና የአገሩ ችግር ሲጠና፣ አብዛኛውን ጊዜ በበጋው መጨረሻ አካባቢ፣ አባ ቄራው መክሮ ቀን ይቆርጣል፤ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ሰው ሁሉ ማጭዱን ስሎ ይወጣል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል። ዝናቡ ሲጀምርና ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ጓሳ መልሶ ይዘጋል። ከዚያ እንደገና ሦስት ዓመት፤ ወይም አምስት።

አንባቢ ልብ ይበል። በእነዚያ ሦስትና አምስት ዓመታት ውስጥ የመንዝ ሰው ከጓሳ ጋር ሊያደርግ የተፈቀደለት ነገር ምን ነበር? ማየት። ጣራው እያፈሰሰ ያየዋል። ላሙ እየከሳች ያየዋል። ከብት አስርጎ እንዳያስገባ ጎረቤቱን ያየዋል፣ ጎረቤቱም እሱን ያየዋል። ተራ የደረሰው ደግሞ በብርድ ዞሮ ያየዋል። በዓለም ላይ በአዋጅ፣ በፈረቃና በቅጣት ቅጠል ሲያይ የኖረ ሌላ ሕዝብ ካለ ይጠራ። ጃፓን ያለው ተድላ ነው፣ ቨርጂኒያ ያለው መዝናኛ ነው፤ መንዝ ያለው ግን ግዴታ ነበር። ቅጠል ማየትን በትርፍ ጊዜ የሚሠሩ ሰዎች የፓርክና የመንገድ ባለቤት ሲሆኑ፣ በግዴታ ሲሠራው የኖረው አገር «እዚያ ደግሞ ምን ይታያል?» መባሉ ፍትሕ አይደለም።

ደንበኛዬ ጓሳን ረግጦ፣ አይቶ፣ ሳይነካ ተመልሷል። እንዲያውም በቄሮ ሥርዓት ሚዛን ቢመዘን ከዚህ የበለጠ ሕግ አክባሪ አይገኝም። ማጭድ አልያዘም፣ ከብት የለውም፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ልጁ አንድ ዘለላ ነጭቶ መጽሐፍ ውስጥ ሊያደርግ ሲል እጁን መትቶታል። ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ።

ሕጉ የተሠራለት ሣር ለመልክ የተወደደ እንዳልሆነ አልክድም። ጓሳ ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ መጥረጊያ ነው፣ ጅራፍ ነው። ክረምት ላይ እረኛ የሚደርበው ገሳም ከእሱ ይሠራል። ዝናቡ በላዩ ላይ ይወርዳል፣ እረኛው ከሥሩ ይቀመጣል። በጓሳ የተከደነ ቤት ለብዙ ዓመት ክዳን አይለውጥም። በእኛ ከተማ አንድ ጣራ ምን ያህል ክረምት እንደሚችል የተከራየ ያውቀዋል፤ ወደዚያ አልገባም።

በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ። ለጭሰኛው ምን ያህል ደስታ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ለሣሩ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የሁሉም ሲሆን ጠባቂው የማንም ሆነና፣ ጓሳ ሳይጎመራ ይታጨድ፣ ሳያገግም ይጋጥ ጀመር። ሰዉ ማየቱን ትቶ መውሰዱን ያዘ። እየቆየ ግን የየቀበሌው ሰው ተሰብስቦ ኮሚቴ አቋቋመ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጻፈ፣ ጠባቂ ቀጠረ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። እዚያው በማኅበረሰቡ የሚተዳደር ማረፊያም አለ። ከሳሾቼ ሥራ ፈት የሚሉት ደንበኛዬ እዚያ አድሮ የከፈለው ገንዘብ የሚገባው ወደዚሁ ማኅበረሰብ ነው። ማየት ገቢ አገኘ ማለት ነው። አስቦና ጌራ ይህን ሳያስቡት ቀሩ።

ምስክሮች ልጥራ። የመጀመሪያው ጭላዳ ነው። ጭላዳ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ብቸኛው ነው። ጠዋት ከገደሉ ይወጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዚያ በመቀመጫው ቁጭ ይልና ሥራ ይጀምራል። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ አንድ ቅጠል ይነቅላል፣ ያየዋል፣ ይጨምራል። እጁ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርገዋል። ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እስኪመሽ ሌላ ሥራ የለውም። ይህን እንስሳ ለማየት ከሌላ ክፍለ ዓለም የሚመጣ ሰው አለ፤ አስተዋይ ይባላል። ጭላዳው ቀኑን ሙሉ የሚያየውን ነገር ለማየት የመጣው ደንበኛዬ ግን ጅል ተባለ። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ድንኳን ተክለው፣ የትኛው ጭላዳ የትኛውን ቅጠል በስንት ሰዓት እንደበላ ይመዘግባሉ። ቅጠል ማየት እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የለም፤ ተመራማሪውን ከደንበኛዬ የሚለየው ደብተሩ ነው። ለሚቀጥለው ጉዞ አንድ ደብተር እንዲገዛ መክሬዋለሁ።

ሁለተኛው ምስክር ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ወደ 500 ቢሆን ነው፤ ከእነዚያ ጥቂቶቹ ጓሳ ይኖራሉ። ይህ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሲሄድ ይታያል። ግልገል አጠገቡ እያለፈ አይነካም፣ መንጋውም አይሸሽም። አይጥ እያደነ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው በጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ከመቶ 67ቱ ሙከራ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25ቱ። ከዚህ ለደንበኛዬ የሚጠቅም ነጥብ አለ። ቅጠል ከሚመለከቱ ጋር ዝም ብሎ የሚውል ሰው ምሳውን በተሻለ ያገኛል ማለት ነው። ደንበኛዬ ምሳውን ከአዲስ አበባ ይዞ ስለሄደ ጥናቱን በራሱ ላይ ማረጋገጥ አልቻለም።

ሦስተኛውን ምስክር የምጠራው እያመነታሁ ነው፤ ምክንያቱም ለከሳሾቼ ሊመሰክር ይችላል። ጅብራ ነው። ከሣሩ መሐል ብቻውን የሚቆም እሱ ነው፤ ከሩቅ ያየው ሰው ዛፍ አገኘሁ ብሎ ይሮጣል፣ ሲደርስ ግን አለመሆኑን ያውቃል። ብዙ ዓመት ሳያብብ ይቆያል። ቅጠሎቹ ክብ ሠርተው ይዘረጋሉ፤ ማታ ውርጩ ሲወርድ ተጠቅልለው መሐል ያለውን ለጋ ይሸፍናሉ፣ ጠዋት ይከፍታሉ። አንድ ዓመት ከሰው በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ ያብባል፣ ፍሬውን ይበትናል፣ ከዚያ ቆሞ ይሞታል። ሁለተኛ ዕድል የለም። ቀለም አልቀየረም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ማንንም አልጠራም። የመጸው ትርዒት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ይከብዳል። ደንበኛዬ አንዱን የደረቀ ጅብራ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲያይ አማቱ «ምነው፣ ዘመድ አገኘህ?» አሉት ይባላል። ምስክሩ ይሰናበትልኝ።

የቀረው የወጪ ክስ ነው። ነዳጅ ውድ ነው፤ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ሰው ለሠርግ አጃቢ ሆኖ ከተማውን ሦስት ጊዜ በጡሩንባ ሲዞር የሚያቃጥለውን ማንም አልመዘነበትም። እዚያም ሙሽራዋን ያየ የለም፤ የታየው ከፊት ያለው መኪና ሰሌዳ ነው። ደግሞም መንገዱ ራሱ ሁልጊዜ እንደማይገኝ እናውቃለን። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት ምክንያት፣ ወደ መንዝ ወጥቶ መመለስ ለሰሜን ሸዋ ተወላጁም ጸሎት የሚጠይቅባቸው ወራት ነበሩ። ሰው ቅጠል ለማየት ብሎ መንገድ ሲወጣ የሚሳቅበት አገር፣ ቢያንስ መንገዱ የሚያስወጣ አገር ነው። ያንን ሳቅ እኔ በግሌ እመርጠዋለሁ።

ለመሄድ ላሰበ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የመንዝ በግ ለምን ያን ያህል ጠጉር እንደለበሰ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ሳይጠይቅ ይገባዋል። ባና የሚሸጥ ካገኘህ አትከራከር። ራስህን ቢያምህ ከፍታው ነው፣ ቀስ በል፣ ውኃ ጠጣ። አረቄ ቢቀርብልህ ለክብር ቅመስ እንጂ ከከፍታው ጋር አትወራረድ። ስንቅ ያዝ። እነዚህን ሁሉ ደንበኛዬ ዘግይቶ ነው የተማረው፤ አማቱ ግን ብርድ ልብስ ከቤት ይዘው መጥተው ነበርና የትኛው ወገን ቀድሞ እንዳሰበ መከራከር አልፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ እንዳትዋሽ። ጓሳ ዳር ተቀምጦ ከብት የሚጠብቅ ሽማግሌ ይኖራል። «ምን ልታዩ መጣችሁ፣ ልጆቼ?» ይላል። ብዙው ሰው ያፍርና «ጭላዳ» ይላል፣ ወይም «ቀይ ቀበሮ»። ይህ ክብር ያለው መልስ ስለሆነ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ደንበኛዬ ግን «ሣሩን ነው፣ አባባ» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ሽማግሌው በዱላቸው ላይ ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩት፣ መኪናውን አዩ፣ አማቱን አዩ።

«ልታጭዱት?»

«ኧረ የለም። ልናየው ብቻ ነው።»

«ለማየትማ ግድ የለም» አሉ፤ «እኛም ሦስት ዓመታችን ነው።»